ሎሚ ማይክሮስኮፑ ላይ እንዳጎነበሰች

ብርቄ ሆይ፣

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። የሮቢ ወንዝ ጎድሎ፣ በየጉድጓዱ የቀረው ውሃ ትንኝ ማፍላት ጀምሯል። ግቢያችን ያለውን ማንጎ ምስጥ በልቶት አስቆረጥኩት። አጎበሩን ግን በአንቺ በኩል ጭምር አሁንም ፍራሹ ሥር እወትፋለሁ፤ እጄ ለምዶታል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሴት ተማሪዎችሽን ሰብስበሽ ተረት የምታወሪው ከዚያ ማንጎ ሥር ነበር። ሎሚ የምትባል የቀወት ገበሬ ልጅ መንደሯን የሚያንቀጠቅጠው ምን እንደሆነ ልታውቅ ትነሳለች። አንዱ ምች ነው ይላታል፣ ሌላው ቡዳ። የልጆቹ ልብ ሲሰቀል ታቆሚና፣ ቀሪውን ትንኝ የሚፈላበት ኩሬ ዳር ሄዳችሁ አይታችሁ ኑ ትያቸዋለሽ። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብለሽ ዘግተሽው አታውቂም። በመጨረሻው ቅዳሜ ሎሚ ጤና ጣቢያ ገብታ፣ የእናቷን ደም ለማየት ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰች። እዚያ ላይ ተውሽው። በሳምንቱ ቀበርንሽ።

ከተማሪዎችሽ ሁሉ የበረታችው ዘይነብ ነበረች፤ ላቦራቶሪ ነው የምሠራው ትልሽ የነበረችው። ከሞትሽ በኋላ አባቷ ዐረብ አገር ሊልካት ቆረጠ። ልለምነው ሄድኩ። ክፉ ሰው አይደለም። አስቀምጦ ውሃ ሰጠኝና፣ «ጋሼ፣ ስለ ወባ ያስተማረችውን ራሷን ወባ ከገደላት፣ ትምህርቱ ለልጄ ምን ሊፈይድላት ነው?» አለኝ። ውሃውን ጠጥቼ ወጣሁ።

ዘይነብ ልትሰናበተኝ መጥታ የተረቱን መጨረሻ ጠየቀችኝ። ሎሚ ሐኪም ሆና መንደሯን አዳነች ብዬ ልጨርሰው ስል አቋረጠችኝ።

«ቲቸር እንዲህ አትለንም ነበር። የቲቸርን የራሷን ደም ያየው ማን ነው?»

እውነቱን ነገርኳት። የጤና ጣቢያው ብቸኛ የላቦራቶሪ ባለሙያ መንገዱ ተዘግቶበት ደብረ ብርሃን ቀርቶ ነበር። ደምሽ ሳይታይ ታይፎይድ ነው ተባለ። ወባ መሆኑ ሲታወቅ ጊዜው አልፎ ነበር።

«እንግዲያ ያየ ሰው የለማ፣ ጋሼ» አለች። የጎደለው ትምህርቱ ሳይሆን የሚያይ ሰው ነው ብላ ለአባቷም ነግራው ነበር አሉ። ትኬቱ ግን ተቆርጦ ነበር። ሄደች።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ታናሽ እህቷና ጓደኞቿ ይመጣሉ። ጥላ ስለሌለን ግድግዳው ሥር እንጠጋለን። ተረቱን ከመጀመሪያው አወራላቸዋለሁ። ያንቺንም አሟሟት አልደብቅም፤ የሚያይ ሰው አልነበረም እላቸዋለሁ። ከዚያ ሎሚ ማይክሮስኮፑ ላይ እንዳጎነበሰች አቆማለሁ።

ከመካከላቸው አንዷ ራሷ ከማይክሮስኮፕ ቀና ብላ ያየችውን እስክትነግረን ድረስ አልዘጋውም። እስከዚያ በሕይወት ባልቆይም፣ አንቺ የተውሽበትን ቦታ ሳልረሳ፣ አፌን በዳቦ ሳላብስ እመጣልሻለሁ።

ባለቤትሽ