ትከሻዎ ላይ ስላለው የሒሳብ መኪናዋ ጋቢ

ኅዳር ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.
እንጦጦ፣ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን በታች

ለክቡር አቶ ሠረቀብርሃን ገብረማርያም
የዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መኪና ረዳቶች ጉባኤ ሊቀ መንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤና፣ የባለቤትዎን ጤና፣ የልጆችዎን ጤና፣ በተለይም የትከሻዎን ጤና እጠይቃለሁ፤ የዘንድሮ የኅዳር ብርድ ክፉ ነውና ትከሻዎ እንዴት ሰነበተ? እኔ ስለ እርስዎ ትከሻ ከማሰብ በቀር ደኅና ነኝ። ስሜ ኢዶሳ ሰቦቃ ይባላል፤ በዩኒቨርሲቲያችን የተማሪዎችን ማርክ የምትደምረውን የሒሳብ መኪና የምጠርግ፣ የምወለውል፣ ማታ የማለብስ፣ ጧት የምገልጥ ሰው ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ይታገሡኝ፤ ለሌላ ሰው ነግሮ ማጻፍ ግን አልወድም። ደብዳቤውን በጉባኤው አዳራሽ በር ላይ የለጠፍኩትም፣ ለክቡርነትዎ ብዙ ደብዳቤ ስለሚደርስዎ ይህኛው ከሌሎቹ ጋር እንዳይጋፋ አስቤ ነው።

የካ በተደረገው ጉባኤ ላይ እንድገኝ ስለ ጠሩኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከምስጋናው ጋር ግን ጥቂት ቅሬታ ተጣብቆ መጥቷል፤ ልላቅቀው ብል እምቢ ስላለኝ እንዳለ አቀርበዋለሁ።

፩ኛ/ መኪናዋ ለጉባኤተኛው ትታይ ተብሎ በካሚዮን ስትጫን፣ እኛ ረዳቶች እንዳትወድቅ መንገዱን ሁሉ ግራና ቀኝ ደግፈን አመጣናት። ስንደርስ የግድግዳው ሶኬትና የመኪናዋ ሽቦ ጫፍ አንገጥምም አሉ። ክቡርነትዎ ግን አልተበገሩም፤ መኪናዋ እየሠራች እንደሆነች አድርገን እንድናስብ አዘዙን፣ ድምሩን ራስዎ በእርሳስ ደመሩት፣ እኛም ለመኪናዋ አጨበጨብንላት። አጠገቤ የቆመው ረዳት፣ አካሉ፣ ጋሼ፣ ድምሩ እኮ ተሳስቷል ብሎ ሹክ ቢለኝ፣ ዝም በል፣ መኪና አይሳሳትም ብዬ ገሠጽኩት።

፪ኛ/ ስለ አቧራ ጠንቅ የተሰጠው ትምህርት እጅግ ጠቅሞኛል። መጋረጃው ሊታጠብ ወርዶ፣ መስኮቱ ሁሉ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ የእንጦጦ ነፋስ አቧራውን እያፈሰ መምህሩ አፍ ውስጥ ሲጨምርላቸው፣ ትምህርቱ በቃልም በዓይንም ገባን። ወንበር ስላነሰ መኪናዋ ፊት ለፊት ምንጣፍ ላይ ስትቀመጥ እኛ ከኋላ ቆምን፤ የእሷ ክብር የእኛም ነው። በፎቶግራፉ ላይ ክቡርነትዎና መኪናዋ አምሮባችኋል፤ ከእኛ ወገን የእኔ ቀኝ እጅ ወጥታለች፤ የሰፈሬ ሰው አይቶ አውቋታል።

፫ኛ/ እንግዲህ ወደ ጋቢው።

ጋቢው፣ ባለቤቴ ዲንቄ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጥጡን በእጇ ፈትላ ያሠራችው ነው። ለቅሶ ቤት ከሰው ጋቢ ጋር እንዳይቀያየር ብላ ጫፉን በቀይ ክር ምልክት አድርጋበታለች። እሷ ካረፈች በኋላ ልልበሰው ስል ከበደኝ፤ ሣጥን ውስጥ ባኖረው ደግሞ ብል በልቶ ሊጨርሰው ሆነ። ዩኒቨርሲቲውም ለመኪናዋ ልብስ ይገዛል እየተባለ ልብሱ ስለ ቀረ፣ ጋቢው ሥራ አይፍታ ብዬ ማታ ማታ መኪናዋን አለብሳት ጀመር። ጧት ስገልጠው፣ ሰው ካልሰማኝ፣ ዲንቄን እንዴት አደርሽ እላታለሁ።

በጉባኤው መዝጊያ መኪናዋ ለእንግዶች ትገለጥ ተባለና ገለጥኳት። ጋቢው መሬት እንዳይነካብኝ በሁለት እጄ ዘርግቼ ይዤ፣ የማስቀምጥበት ፈልጌ በክቡርነትዎ ፊት ሳልፍ፣ ሥነ ሥርዓቱን የሚመራው ሰው ምን እንደ ታየው እንጃ፣ አሁን አባታችን ሊቀ መንበራችንን ጋቢ ያለብሱልናል ብሎ ዐወጀ። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ፣ ፎቶ አንሺው ተንበረከከ፣ ክቡርነትዎም፣ ብርዱ ቀድሞ ነክቶዎት ይመስለኛል፣ እኔ አፌን ሳልከፍት ትከሻዎን ዝቅ አደረጉልኝ። እንዲህ ያለውን ትልቅ ሰው ያን ሁሉ እንግዳ እያየ ባዶ ትከሻውን እንዴት ልመልሰው? አለበስኩዎት። ከዚያም በዕድሜዬ እንደዚህ ያለ ስጦታ አግኝቼ አላውቅም ብለው ረዥም ንግግር አደረጉ፤ እኔም አጨበጨብኩ፤ በጉባኤው እጄ ማጨብጨብ ለምዳ ነበርና።

፬ኛ/ አራተኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ ሦስተኛው ውጦታል።

ክቡር ሆይ፣ ሰው ያለበሰውን ጋቢ መልስልኝ ቢል ነውር መሆኑን ስለማውቅ አልጠይቅዎትም። ብሞት አልጠይቅዎትም። ጎረቤቴ እታገኝ፣ ሄደው ይንገሯቸው እንጂ፣ ይኼ ኩራትዎ ጋቢ ሆኖ አያሞቅዎ ብትለኝ፣ ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ ብያታለሁ። ነገር ግን የተሰጠው ሰው በገዛ ፈቃዱ ለሌላ ቢያለብስ የሚነቅፈው የለም። መኪናዋ በመጪው ሰኞ ወደ ክፍሏ ስለምትመለስ፣ ክቡርነትዎ መጥተው ይህንኑ ጋቢ በሰው ፊት እንዲያለብሷት በታላቅ ትሕትና እጋብዝዎታለሁ። ፎቶ አንሺውም ይምጣ፤ እኔ ባልታይም ግድ የለኝም። መኪናዋ ጎንበስ ማለት ስለማትችል እኔ ስለ እሷ ጎንበስ እላለሁ፤ በዕድሜዬ ለማንም ጎንበስ ብዬ አላውቅም።

ሰኞ የማይመችዎ ከሆነና በጋቢው ለቅሶ ቤት መሄድ ካሰቡ ደግሞ፣ በግራ በኩል ያለው ጥቁር ነገር የመኪናዋ ዘይት እንጂ ጥልፍ እንዳልሆነ፣ ቀዩን ክር ግን ከእንጦጦ እስከ የካ የማያውቀው አልቃሽ እንደሌለ ስለ ክብርዎ ስል አሳስባለሁ።

ትከሻዎን ከብርድም፣ ከጋቢ ብዛትም አምላክ እንዲጠብቅልኝ እየለመንኩ፣ ጭብጨባዬን ሳላቋርጥ፣ ከወገቤ ሳይሆን ለጊዜው ከአንገቴ ብቻ እጅ የምነሣዎ፣

ኢዶሳ ሰቦቃ
በፎቶግራፉ ላይ የምትታየው የቀኝ እጅ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለሒሳብ መኪናዋ (በቃል ተነግሯታል)

ተጨማሪ ቃል፦ መኪናዋ ራቁቷን እንዳታድር ለጊዜው ያለበስኳት፣ የክቡርነትዎ ስም በትልቁ የተጻፈበትንና በአዳራሹ በር ላይ ተሰቅሎ የነበረውን ጨርቅ ነው። አቧራው ሌሊቱን ሁሉ የሚያርፈው በስምዎ ላይ ስለሆነ አይሥጉ፤ በየጧቱ አውጥቼ፣ አጥር ላይ ሰቅዬ፣ በዱላ ደኅና አድርጌ አራግፈዋለሁ።