ግልባጭ ለሽማግሌዎች

እሑድ፣ ጥቅምት 3

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ወረድኩ። ሦስቱም ማሽን ተይዟል። አንዱ ካቆመ ቆይቷል፣ ባለቤቱ የለም... አውጥቼ ላስቀምጥለት? ይሉኝታ ያዘኝ። ስምንት ዓመት ቶሮንቶ ኖሬም የሰው እርጥብ ካልሲ መንካት አልለመድኩም። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።

ሩሀማ እዚያው መጣችብኝ። የአዲስአለም ልጅ፣ ከእኔ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብለው ነው የሚኖሩት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ኳየር ውስጥ ትዘምራለች። እጥፍጥፍ ያለ ወረቀት ሰጠችኝ። እሷና ጊታር የሚመታው ሰላሙ በየሁለት ሳምንቱ የሚያወጡት ነው፣ ስሙም «ከአሥር ስንት»። የጃፓን ካርቱን ያያሉ፣ ቪዲዮ ጌም ይጫወታሉ፣ ከዚያ ስላዩት ይጽፉና ነጥብ ይሰጣሉ። በቤተ ክርስቲያኑ ማሽን ኮፒ አድርገው ለወጣቶች ያድላሉ። ማሽኑ በሽማግሌው፣ በወጣቶች አገልግሎት ኃላፊው በጋሽ ዘመድኩን እጅ ነው።

«ካርቱን አትበዪው አንቲ ጸሐይ፣ አኒሜ ነው።»

«እሺ፣ አኒሜ። እኔ ምን ላድርግ?»

«ጋሽ ዘመድኩን ግማሹ አማርኛ ካልሆነ ኮፒ የለም ብለዋል። አንቺ ቲቸር ነበርሽ አይደል? ፊድባክ ስጪን። ግን ሪል ፊድባክ። ሰው ሁሉ ጎበዝ፣ ጎበዝ ብቻ ነው የሚለን።»

አስተማሪ ሆኜ አላውቅም። አገር ቤት የቢሮ ጸሐፊ ነበርኩ፣ እዚህም ሆስፒታል ካርድ ክፍል ፋይል ነው የምደረድረው። ግን አላረምኳትም። ደስ ብሎኝ መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

አነበብኩት። ጉድ ነው!

ሰላሙ አንዱን ጌም «ሦስት ከአሥር። ጀግናው በር ላይ ይጣበቃል። ጊዜዬን በላው» ብሎ ዘግቶታል። በቃ። ስንት ሰው ስንት ዓመት የለፋበትን ነገር በሦስት አጭር ዐረፍተ ነገር! አፌን ይዤ ቀረሁ። እኛ የሰው ወጥ ጨው ቢበዛበት እንኳ «እጅሽ ይባረክ» ብለን ነው የምንነሳው።

የሩሀማ ይሻላል። በባሕር ዳርቻ ባለች መንደር ስለምትኖር ጠንቋይ ነው፣ ጥላቸው የጠፋባቸውን ሰዎች ጥላ መልሳ የምትሰፋ አሮጊት። ዘጠኝ ሰጥታታለች። አማርኛው ይወላከፋል፣ ግን ልጅቷ ዓይን አላት። ስትወድ ግን ለምን እንደወደደች አትናገርም፣ «ደስ ይላል» ብላ ታልፋለች።

ወረቀት አወጣሁ። ሳላስበው መሀሉን በማስመሪያ ለሁለት ከፈልኩት። በግራ ጠንካራ ጎን፣ በቀኝ ደካማ ጎን። ከላይ ቀንና ሙሉ ስም። ከታች ፊርማ። ከፊርማው ሥር ደግሞ... «ግልባጭ፦ ለወጣቶች አገልግሎት ኃላፊ»። እጄ ራሱ ነው የጻፈው። ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ ለእኔ ያላለቀ ደብዳቤ ነው። ነገ ኮፒ አድርጌ በጋሽ ዘመድኩን ሣጥን ውስጥ እጨምረዋለሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ሩሀማ ወረቀቱን አንብባ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ማንም እንደዚህ አንብቦኝ አያውቅም!» ሰላሙ ደግሞ ሊከራከር ፈለገ። «ሦስት ብሰጥ ኋይ ኖት?» አለኝ። «ሦስት ስጥ፣ የቱ በር ላይ እንደተጣበቀ ግን ተናገር» አልኩት። አሰበና ሳቀ።

ጋሽ ዘመድኩን በር ላይ አገኙኝ። «ግልባጩ ደርሶኛል እህት ጸሐይ። ሥርዓት የምታውቅ ሰው እንዲህ ናት። ጌታ ይባርክሽ።» ደረቴን ነፍቼ ነው ወደ ቤት የሄድኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

የፈረንጆቹ የጭንብል ቀን፣ ልጆች በየቤቱ ከረሜላ የሚለምኑበት። አንድ ፍሬ ልጅ አፅም መስላ በሬን አንኳኳች፣ ከፍቼ ጮህኩ። እሷም ጮኸች። እናቷ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ከረሜላም አልገዛሁ፣ ሙዝ ሰጠኋት።

ትንሽ ቆይተው ጋሽ ዘመድኩን ደወሉ። ማንም በሩን እንዳይከፍት ለሁሉም እየደወሉ ማስጠንቀቃቸው ነው። ከዚያ «የዚያች የሩሀማ ጽሑፍ... ጠንቋይቱን ወዳታለች ማለት ነው?» አሉ።

«ዘጠኝ ከሰጠቻትማ ምን ይጠየቃል፣ ጋሽ ዘመድኩን!» ብዬ ሳቅሁ።

እሳቸው አልሳቁም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ያስታወስኩት።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ልጽፈው አልፈልግም። ቢሆንም ልጻፈው።

ከስብከቱ በኋላ ጋሽ ዘመድኩን ማይክራፎኑን ያዙ። ስለ ልጆቻችን፣ ስለዚህ አገር፣ በካርቱን ውስጥ ስለሚገባ መንፈስ ተናገሩ። ከዚያ ከፋይላቸው አንድ ወረቀት አወጡ። መሀሉ ላይ መስመር አለው። ከአራተኛው ረድፍ ሆኜ አወቅሁት... የእኔ ጽሑፍ!

«ደካማ ጎን፣ ቁጥር አንድ። ጠንቋይዋን ለምን እንደወደድሻት አልገለጽሽም።» ቀና አሉ። «ይህን የጻፈችው አስተዋይ እህታችን ናት። እኛ ተኝተን እሷ ነቅታለች። ልጅቱ ጥንቆላን ወዳለች፣ ምክንያቱን ደብቃለች።»

እኔ እኮ በደንብ ጻፊው ነው ያልኳት! የወደድሽውን አፍታቺው ነው ያልኳት!

«ከአሥር ስንት» ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል። ሩሀማም በጉባኤው ፊት ቆማ ንስሐ እስክትገባ ድረስ ከኳየር ወጥታለች። ልብሰ መዝሙሩን እንደለበሰች መድረኩ ላይ ቆማ ነበር። ያየችው እሳቸውን አይደለም። እኔን ነው።

እግሬ አልነሳ አለኝ... ውሸት። እግሬ ደህና ነበር። አፌ ነው እንቢ ያለው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ሥራ ቦታ የአንዲት ሴትዮ ካርድ የሌላ ሰው ፋይል ውስጥ ከተትኩ። አለቃዬ አሞሻል ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

ሊፍት ውስጥ ከሩሀማ ጋር ተገጣጠምን። ሁለታችን ብቻ። የቁጥሮቹን መብራት እያየች ጠየቀችኝ።

«ለምን ለሳቸው ሰጠሻቸው?»

«አልሰጠኋቸውም የኔ ልጅ... ግልባጭ ነው።»

«ግልባጭ ምንድነው?»

«ለሌላ ሰው ደግሞ የሚላክ ኮፒ።»

«ፊድባኩ የኔ ነው። ለምን ለሌላ ሰው ይላካል?»

በሠላሳ ሰባት ዓመቴ፣ ስንት ሺህ ግልባጭ ከጻፍኩ በኋላ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም! ፎቋ ሳይደርስ ወረደች። በደረጃ ሄደች።

አዲስአለምም ደወለች። «አንቺን አምኜ ነው ልጄን የላክሁልሽ» ብላ ዘጋች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለምን እንደሆነ አላውቅም አልኩ? አውቃለሁ። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ጽፌው የማላውቀውን ልጻፈው።

በ1970 አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ጽሕፈቴ ስለሚያምር የቀበሌያችን ወጣት ማኅበር ጸሐፊ አደረጉኝ። በየሳምንቱ ሂስና ግለሂስ አለ። የያንዳንዱን ሰው ጠንካራና ደካማ ጎን የምጽፈው እኔ ነኝ። አምሃ የሚባል ልጅ ነበር፣ ጎረቤታችን፣ የሒሳብ ደብተሩን የሚያውሰኝ። ስለ እሱ የጻፍኩት ቃል በቃል ትዝ ይለኛል። «ጠንካራ ጎን፦ ሰዓት ያከብራል። ደካማ ጎን፦ ጥያቄ ያበዛል። ከስብሰባ በኋላ ከማን ጋር እንደሚውል አይገልጽም።» ግልባጭ፦ ለአብዮት ጥበቃ ጓድ።

በሦስተኛው ቀን ወሰዱት። እናቱ ቤታችን መጥታ «አንቺ ጸሐፊ ነሽና የት እንዳለ ታውቂ ይሆን?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነበር። አምሃ አልተመለሰም።

እና ዛሬ... አይገልጽም። አልገለጽሽም። ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይላሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፎ፣ ውቅያኖስ ተሻግሬ፣ ስለ አንዲት የካርቱን ጠንቋይ ያንኑ ወረቀት ጻፍኩ። ራሴን ፈራሁት።

እሑድ፣ ኅዳር 1

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ሰላሙ ደውሎ ነገረኝ፤ የሩሀማ ንስሐ ለኅዳር 8 ተቀጥሯል። «አልሠራሁም ያለችውን ሠርቻለሁ በዪ ነው የሚሏት። ዛት ኢዝ ላይንግ፣ አንቲ» አለኝ። ልጅቷ ግን እናቷን ላለማሳፈር እሺ ብላለች። እሺ ማለቷ ይበልጥ አስደነገጠኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ከሚሰበሰቡበት ክፍል ገባሁ። አራት ናቸው፣ ጋሽ ዘመድኩን መሀል። ሳይጠይቁኝ ቆሜ ጀመርኩ።

«ጋሽ ዘመድኩን፣ ያ ወረቀት ክስ አይደለም። ልጅቷ የወደደችውን አፍታታ እንድትጽፍ ነው ያልኳት። ክስ ያደረግነው እኔና እርስዎ ነን። እኔ ግልባጭ በመላኬ፣ እርስዎ ሳይጠይቁኝ በማንበብዎ።»

«እህት ጸሐይ፣ እኔ ልጆቹን ልጠብቅ ብዬ ነው።»

«እኛም ያኔ አብዮቱን ልንጠብቅ ብለን ነበር።»

ፊታቸው ተለወጠ። እንግዲህ ጀምሬዋለሁ... የአምሃን ነገርኳቸው። ሁሉንም። እናቱንም። በሕይወቴ ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው፣ ድምፄ የእኔ አይመስልም ነበር። ስጨርስ «ነገ የምትቆመዋ ሩሀማ ከሆነች ቀድሜ የምቆመው እኔ ነኝ» አልኳቸው።

አንዱ ሽማግሌ መነጽሩን አውልቆ ይጠርጋል። ጋሽ ዘመድኩን ተናገሩ።

«እኔን ነቀምቴ ነው የያዙኝ፣ በ71። አሥራ አንድ ሆነን ቤት ውስጥ ስንጸልይ። የሁላችንንም ስም በወረቀት ይዘው ነው የገቡት። ሁለት ዓመት ታሰርኩ። ወረቀቱን ማን እንደጻፈው እስከ ዛሬ አላውቅም።»

ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺ እንዳልሆንሽ አውቃለሁ። አገሩም ሌላ ነው። ግን አሁን አንቺ ስትናገሪ... እንዲህ ያለ ሰው ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ጽሕፈቷ የሚያምር ልጅ።»

ፋይሉን ከፈቱ። ወረቀቱን አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ንስሐው ቀርቷል፣ ይቅርታ የሚጠይቁትም እሳቸው ናቸው። ልወጣ ስል ግን «የኮፒ ማሽኑን ግን አልፈቅድም። ጠንቋይ ጠንቋይ ናት» አሉኝ። እንዲህ ናቸው።

እሑድ፣ ኅዳር 8

በጉባኤው ፊት ይቅርታ ጠየቁ። አጭር ነበር፣ ድምፃቸውም ዝቅ ያለ። አዲስአለም አለቀሰች። በኳየሩ ውስጥ የሩሀማ ቦታ ባዶ ነው። ከልካይ የላትም፣ ራሷ ናት የቀረችው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

በረዶው ጀመረ። ለማንም ሰው ሥራ አስተያየት በጽሑፍ ላልሰጥ ለራሴ ቃል ገባሁ። ያለኝን በአፌ እላለሁ። ወረቀት በቃኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 28

በሬ ተንኳኳ። ሩሀማ! በአንድ እጇ የቪዲዮ ካሴት፣ በሌላው ወረቀት። «ከአሥር ስንት» ታትሟል፣ ፓርክዴል ቤተ መጻሕፍት ያለው ማሽን ላይ። የጠንቋይዋን ጽሑፍ እንደገና ጽፋዋለች።

«ፊድባክ» አለችኝ። ሰላምታም የለ።

ቆሜ አነበብኩት። አሮጊቷን ለምን እንደወደደቻት ጽፋለች። ጠንቋይዋ ጥላ ስትሰፋ የሰውየውን ስም አትጠይቅም፣ ማን ነህ አትልም፣ ዝም ብላ ትሰፋለች። ለዚያ ነው ትላለች።

«በጣም ጥሩ ነው። የቀረውን ቁጭ በይና በቃሌ ልንገርሽ።»

«ኖ። ጻፊልኝ።»

«ሩሀማዬ፣ እኔ መጻፍ...»

«ጽሑፉ አይደለም እኮ ያናደደኝ፣ አንቲ። ለሌላ ሰው መስጠትሽ ነው። የኔን ስም ጻፊ፣ ያንቺንም ጻፊ፣ ለኔ ስጪኝ። ዛትስ ኢት።»

ጻፍኩ። ጠንካራ ጎን፣ ሦስት ነገር። ደካማ ጎን፣ ሁለት። ፈረምኩ። ብዕሬ ወደ ታች ሊወርድ ሲል ያዝኩት። እጇ ላይ ሰጠኋት። እዚያው፣ ዓይኔ እያየ፣ አነበበችው።

«አንደኛውን አስተካክላለሁ። ሁለተኛውን አልቀበልም።»

«ምን?»

«መጨረሻው ተቻኩሏል ያልሽውን። ፊልሙ ራሱ እንደዚያ ነው የሚያልቀው። አይተሽዋል?»

«አላየሁትም።»

«ያላየሽውን ነው የምትተቺው?»

እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም። ያላየሽውን... አምሃ ከስብሰባ በኋላ የት እንደሚውል አይቼ ነበር? አንድ ሰው ተናገረ፣ እኔ ጻፍኩ። ያን ዕለት በየተራ እየተነሳን ለሂሳችን መልስ ስንሰጥ አምሃ እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ «ሂሱን ተቀብያለሁ» ነበር ያለው። ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንለው። አልቀበልም ሲባል ጆሮዬ ሰምቶ አያውቅም። እንደሚባልም አላውቅም ነበር! ይህች ልጅ ግን ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ፣ ሳሎኔ መሀል ቆማ፣ አልቀበልም አለችኝ። ምንም አልሆነችም። ቆማለች፣ መልሴን ትጠብቃለች።

«ለምን ታለቅሻለሽ?» አለችኝ።

ካሴቱን አስገባች። ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየነው። ልክ ነበረች። ወረቀቱን ከእጇ ተቀብዬ ደካማ ጎን ቁጥር ሁለትን በገዛ እጄ ሰረዝኩት። ስጽፍ ኖሬ፣ ስሰርዝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።