ከአራት ፎቶ የተገጠመ ወደብ

ታኅሣሥ 3 ቀን 2004 ዓ.ም.
ወገዳ

ይድረስ ለነፍስ አባቴ፤

ይፍቱኝ አባቴ። ጤናዎ እንዴት ነው? ያ የጉልበትዎ ሕመም በዚህ ብርድ ባሰብዎ ወይስ ተሻለዎ? የቤተ ልሔም ካህናትና የቆሎ ተማሪዎቹስ ደኅና ናቸው? እኔ ፎቶ ቤቴን ከፍቼ አለሁ፤ አለሁ ማለት ከተቻለ።

በኅዳር መጀመሪያ ከሽማግሌዎቹ ጋር ለመርዶ ማልዳችሁ እናቴ ደጅ ስትደርሱ የሆነውን አይረሱትም። እናቴ የታናሽ ወንድሜን የይሁኔን ፎቶ ከጉያዋ አውጥታ፣ ልጄ ይኸው ጅቡቲ ወደብ ላይ ቆሟል፣ የምን መርዶ ነው አለቻችሁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና፣ አንተ የፎቶ ሰው ነህ፣ እስቲ ፍረድ አለችኝ። እኔም ወደ ብርሃን አዙሬ አየሁና፣ ጥራቱ እንከን የለውም፣ ሰሞኑን የተነሣ ነው አልኩ። እርስዎም እግዚአብሔር ይመስገን ብለው መስቀል አሳለሟት።

ዛሬ ፍርዴን ልለውጥ ነው። ያ ፎቶ በሌሊት ከተነሡ አራት ፎቶዎች የተገጠመ ነው፤ ግጥሙም ክፉ ነው። በስተግራ ያለው መርከብ ምሰሶው መሀል ለመሀል ተሰብሮ ከቀጣዩ ፎቶ ጋር አልገናኝ ብሏል። አንዱ መብራት ሁለት ቦታ ይታያል። ባሕሩ በአንድ ወገን ጥቁር፣ በሌላው አተላ ይመስላል። በጨለማ ካሜራው ዓይኑን ከፍቶ ስለሚቆይ የሚንቀሳቀስ ሰው ይደበዝዛል፤ ወዛደሮቹ ፊት የላቸውም። የይሁኔ ግን የሸሚዙ ክር ሳይቀር ይቆጠራል። የወደቡ መብራት ሁሉ ከኋላው ነው፤ ፊቱ ላይ ያረፈው ብርሃን ከፊት የመጣ ነው። እሱ የእኔ ፎቶ ቤት መብራት ነው። ሊሄድ ሲል እኔው ነኝ ያነሣሁት።

ገጣሚውም እኔ ነኝ፣ አባቴ።

አብሮት የሄደው አበጀ በጥቅምት ሲመለስ መጀመሪያ የመጣው ወደ እኔ ነው። ባሕር የምታሻግራቸው ጀልባ ከመነሣቷ በፊት ወደቡን በስልኩ አንሥቶት ነበርና አራቱን ፎቶ ሰጠኝ፤ የቀረውን፣ ጀልባዋ ባሕር ላይ መስጠሟን፣ በቃሉ ነገረኝ። እናቴ ያኔ ታማ፣ ይሁኔን ሳላይ እህል አልቀምስም ብላ ተኝታለች። ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም፤ እስክትነሣ ብዬ ሠራሁላት። ፎቶውን አይታ በላች፣ ተነሣች። የእኔ አፍ ግን ተሳሰረ። ፈሪ ነኝ። ዝም ብል ጊዜ አበጀ እሱው ለሽማግሌዎቹ ተናገረ።

ለኅዳር ሚካኤል እናቴ ዝክር ደግሳ ስታመሰግን እኔ ጠላ እየዞርኩ ቀዳሁ። አበጀን ሟርተኛ ብለው ከጽዋ ማኅበሩ አገለሉት። እናቴ ረገመችው። ሰላም የሚለው ሰው አጥቶ እስቴ እህቱ ዘንድ ገባ አሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔው እያደር ጠቆረ።

አበጀ አልዋሸም፣ አባቴ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው እናቴ ደጅ አብረን እንቁም፤ አሁን ከፊት የምቆመው እኔ ነኝ። የአበጀን እግር ስሜ እሱንም ይዤው እመጣለሁ። ቀኖናዬን ከዚያ በኋላ ይስጡኝ፤ ቢከብድም እሸከማለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ፦ ውሸት ነው ብላችሁ ፎቶውን ከእጇ እንዳትነጥቋት። አቅፋ የምታለቅስበት ሌላ ነገር የላትም።

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ ጸሎትዎ አይለየን። መስቀልዎን ከሩቅ ተሳለምኩ።

የንስሐ ልጅዎ

ይሁኔ የተጠመቀው ከእርስዎ በፊት በነበሩት ቄስ ነውና አያውቁት ይሆናል። ካህናቱ በፍትሐቱ ስሙን ሲጠሩለት ይሁኔ አይበሉ፤ የክርስትና ስሙ ወልደ ሥላሴ ነው።