ከርነሉና የአሰብ መንገድ

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ጥቁር ስክሪን። ከላይ በግራ በኩል አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ሌላ ምንም የለም። አራት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁት፤ አራት ጊዜም ያችው ሰረዝ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ዋይፋዩ ይቆራረጣል ብዬ፣ በአዲሱ ከርነል ይስተካከላል የሚል ነገር አንብቤ፣ ትናንት ራሴው አወረድኩ፣ ራሴው አሮጌውን አንሥቼ አዲሱን ተካሁ። ከርነል የሲስተሙ ልብ ነው። የልብ ሐኪም የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ላፕቶፑ ዊንዶውስ መሸከም ካቃተው ሦስት ዓመት ሆኖታል። ኢምፔሪያል ጋ ኮምፒውተር የሚጠግነው ሙሉጌታ ነው በፍላሽ የሚነሣ ቀላል ሊኑክስ ያዘጋጀልኝ። ፍላሹ ሲሰካ ሲስተሙ በሙሉ ሜሞሪ ላይ ይወጣል፤ የሠራሁት ደግሞ ላፕቶፑ ዲስክ ላይ ባለች አንዲት የማስቀመጫ ፋይል ውስጥ ይገባል። ሁሉ ነገሬ እሷ ውስጥ ነው፦

– የአባባ መንገድ፣ ስልሳ አንድ ገጽ
– የእንግዳ ማረፊያው የፈረቃ ሰንጠረዥ
– የኔ ሲቪ፣ ማንም ያልጠየቀው

ሌላ ቦታ ቅጂ የለኝም። ነገ እገለብጠዋለሁ ስል አራት ወር አለፈ።

አባባ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። በጉልምስናው አሰብ ድረስ ቦቴ ይነዳ ነበር። ከአምና ጀምሮ ይረሳል፤ የጎረቤት ስም፣ የበላውን ምሳ፣ አንዳንዴ እማዬ መሞቷን ጭምር። መንገዱን ግን አልረሳም። ከሐምሌ ወዲህ ሩዋንዳ ሰፈር ካለው የእንግዳ ማረፊያ ሥራዬ ስመለስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንበሩ ላይ ይቀመጥና ከአዲስ አበባ እስከ አሰብ ያለውን ይነግረኛል። ኩርባውን፣ ሻይ ቤቱን፣ ውሃ የሚገኝበትን፣ ማን የት እንደቀረ። እኔ እጽፋለሁ። በቅደም ተከተል ብቻ ነው የሚሆንለት፤ ከመሀል ጀምር ካሉት ይጠፋበታል። የአሰብ መንገድ ላይ ያለችው ቡሬ ደርሰን ነበር። አሰብ ለመግባት ትንሽ ነበር የቀረን።

ዛሬም በሰዓቱ ተቀምጦ «የት ደረስን?» አለኝ። ማሽኑ ታሟል አልኩት። ራዲያተሩን አይተሽዋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አየዋለሁ አልኩ።

ለኅዳር ሚካኤል ስምንት ቀን ቀርቷል። የዕለቱ እንግዳችን እትዬ አስካለ ናቸው፣ የአባባ ጓደኛ የጋሽ ጌታነህ ባለቤት። ጋሽ ጌታነህም ሾፌር ነበሩ። አፋር በረሃ ውስጥ ዶቢ የሚባል ቁልቁለት ላይ መኪናቸው ተበላሽቶባቸው፣ ውሃ ፍለጋ በእግራቸው ወጥተው በማግስቱ ሞተው ተገኙ። አርባ ዓመት ሊሆነው ነው። እትዬ አስካለ ከገርጂ እየመጡ በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤልን ያነግሣሉ፤ ሲመለሱ እኛ ቤት ምሳ ይበላሉ። ዘንድሮ ስለ ባላቸው የሚያወራውን ገጽ አትሚልኝ ብለውኛል፤ እሺ ብያለሁ። በእጃቸው እንዲገባ የሚፈልጉት አንድ ወረቀት እሱ ነው።

አርብ፣ ኅዳር 5

ከምሳ በኋላ ቡት ኦፕሽን ስሞክር ዋልኩ። ፍላሹ ሲነሣ ለአምስት ሴኮንድ ሜኑ ይመጣል፤ እዚያ ላይ ቶሎ ብሎ በመስመሩ መጨረሻ አንድ ትዕዛዝ መጨመር ይቻላል። የሞከርኳቸው፦

አንደኛ፣ የስክሪን ካርዱን ተወው የሚለው። ሰረዟ ጠፋች፣ ጽሑፍ መውረድ ጀመረ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። መሀል ላይ ቀጥ አለ፤ ዲስክ አልተገኘም ይላል።

ሁለተኛ፣ ዲስኩን ትንሽ ጠብቀው የሚለው። ጠበቀ። እኔም ጠበቅኩ። አልተገኘም።

ሦስተኛ፣ የተቀመጠ ነገር አትፈልግ፣ ከባዶ ተነሣ የሚለው። ተነሣ። ያየሁት ግን ተከራይ ለቆት የወጣ ቤት ነው፤ የኔ የሆነ አንድም ነገር የለበትም። ቢያንስ ማሽኑ በሕይወት አለ። ይህን ሦስተኛውን ትዕዛዝ በየጊዜው ላለመጻፍ ሜኑው ፋይል ውስጥ አስገባሁት።

አባባ ከጎኔ ተቀምጦ ሲያይ ቆየና የት እንደደረስን ጠየቀኝ። ሚሌ አልኩት። ለምን ሚሌ እንዳልኩ አላውቅም። ውሸት ስትዋሽ የምትመጣልህ ከተማ አለች መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ኢምፔሪያል ሄድኩ። የሙሉጌታ ሱቅ ዝግ ነው። ስልኩ አይነሣም። ለቅሶ ሊደርስ ቡታጅራ ሄዷል፣ ረቡዕ ይገባል አሉኝ። አጠገቡ ያለው ጠጋኝ ላፕቶፑን ከፈት አደረገና፣ ይህን ነገር ትተሽ ፎርማት እናድርገውና ዊንዶውስ እንጫንበት አለኝ። ደግ ሰው ነው፣ በቅንነት ነው ያለው። ከእጁ ነጥቄ ወጣሁ።

ታክሲ ሰልፍ ላይ ላፕቶፑን ደረቴ ላይ አቅፌ ቆሜ እንባዬ መጣ። አንዲት ሴትዮ ሶፍት ሰጠችኝ። ምን ሆንሽ ብትለኝ ምን ልላት ነበር? የአባቴ መንገድ ጠፋብኝ?

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ትናንት ቀኑን ሙሉ አኩርፌ ዋልኩ። ዛሬ ወሰንኩ። ሙሉጌታ እስኪመጣ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም፤ ባዶው ሲስተም ላይ እንደገና ከመጀመሪያው እንጽፋለን። አባባ አልተገረመም። እሱ ዘንድ ሁልጊዜም የመጀመሪያ ቀን ነው። «ከአዲስ አበባ እንነሣ» ስለው ጉሮሮውን ጠረገ።

ያሁኑ ከሐምሌው ይለያል። ያኔ ሻይ ቤቶቹን ነበር የሚያበዛው፤ አሁን ሰዎቹን ያበዛል። አዋሽ ደርሰን አቆምን።

ለራሴ ማሳሰቢያ፦ ሲስተሙ ከባዶ ሲነሣ እንደ ድሮው በየግማሽ ሰዓቱ ራሱ ሴቭ አያደርግም። የተጻፈው ሁሉ ሜሞሪ ላይ ነው፤ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። የላፕቶፑ ባትሪ ደግሞ አብጦ ካወጣሁት ቆይቷል፣ ከሶኬቱ ከተነቀለ አለቀ። የዛሬውን ሌላ ትንሽ ፍላሽ ላይ ገልብጫለሁ።

አባባን ስለ ሶኬት መምከር ከንቱ ነው። ድሮ ፍሪጃችን ከተቃጠለ ወዲህ መብራት ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ቤቱን እየዞረ ሁሉንም ይነቅላል። ፍሪጁን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ቻርጀሩን። ምሳ የበላ መሆኑን የሚረሳ ሰው ይህችን አይረሳም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ይህን ደብተር ላይ ነው የምጽፈው። በእስክሪብቶ።

አባባ እንደ ዛሬው ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ገዋኔን፣ ሚሌን፣ ሰርዶን አንድ ሰዓት ተኩል ባልሞላ ጊዜ አለፍናቸው፤ ጣቴ አልደርስበት አለኝ። ዶቢ ደረስን። በሐምሌው ጽሑፍ እዚህ ጋ ያለው ትዝ ይለኛል፤ ፀሐይ ከፊት ለፊት ነበረች፣ የቆመ መኪና አላየሁም፣ ጌታነህ እዚያ መቅረቱን የሰማሁት አሰብ ከገባሁ በኋላ ነው። እሱኑ ጠብቄ ነበር።

«አይቼዋለሁ» አለ። «ጃኬቱን አውልቆ ያውለበልብልኝ ነበር። ክሪኬን ተውሶኝ ስላልመለሰ ተኳርፈን ነበር። አሁን ደግሞ ምን ሊለምነኝ ነው አልኩ። አለፍኩት። በመስታወት ሳየው ጃኬቱን ጭንቅላቱ ላይ ጣል አደረገ፣ ለፀሐዩ።»

ለአንዲት ክሪክ። ጎማ ሲቀየር መኪና ለምታነሣ ብረት። እዚያ በረሃ ውስጥ የቆመ ሾፌር ዐይቶ ማለፍ፣ በነሱ ዘንድ ከዚያ የባሰ ነገር እንደሌለ እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው። ስልሳ አንዱ ገጽ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተጽፏል።

ቃል በቃል ጻፍኩት። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። ከዚያ ግቢ ውስጥ ውሃ መጣ ተባለ። ውሃ በአምስት ቀን አንዴ ነው የሚመጣልን። በርሜሉን ልሙላ ብዬ ወጣሁ። ሴቭ ሳላደርግ። ለራሴ ማሳሰቢያ የጻፍኩት እኮ ትናንት ነው።

በርሜሉ ግማሽ ሳይደርስ የበረንዳው መብራት ብልጭ ድርግም አለ። የውሃውን ጎማ ጥዬ ሮጥኩ። አባባ የፍሪጁን ነቅሎ፣ የቴሌቪዥኑን ነቅሎ፣ የላፕቶፑን ገመድ በሥርዓት እየጠቀለለ ነበር። ፈገግ ብሎ እንዳይቃጠልብሽ አለኝ።

መብራቱ ስለተንቀጠቀጠ ነው። ሌላ ምክንያት ልፈልግለት አልፈልግም።

ጮህኩበት። አባቴ ላይ ጮህኩ። ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ይቅርታ አለኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ሙሉጌታ ገብቷል። ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። ነገሩን ስነግረው፣ ለቅሶ ላይ የከረመ ሰው፣ ሳቀ። ከርነሉና ሲስተሙን ከዲስኩና ከስክሪኑ ጋር የሚያገናኘው የድራይቨሮቹ ፋይል አብረው ነው የሚቀየሩት አለኝ፤ እኔ አንዱን ቀይሬ ሌላውን የድሮውን ትቼዋለሁ፣ ስለዚህ አልተዋወቁም፣ ዲስኩንም ያጣው ለዚህ ነው። የድሮው ከርነል እሱ ጋ ነበር፤ መለሰልኝ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ገንዘብም አልተቀበለኝም።

ቤት መጥቼ አስነሣሁት። ባዶ። ሜኑውን ከፍቼ አየሁት። ለካ ከባዶ ተነሣ የሚለውን ትዕዛዝ ሜኑው ውስጥ ያስገባሁት እኔው ነኝ። አጠፋሁትና እንደገና አስነሣሁ። መጣ፤ ስልሳ አንዱም ገጽ፣ ሰንጠረዡም፣ ሲቪዬም።

ሳምንቱን ሙሉ ለዚህች ሰዓት ስጸልይ ነበር። ምንም ደስታ አልተሰማኝም። ቀጥታ ወደ ዶቢ ወረድኩ። «የቆመ መኪና አላየሁም።» እንዲህ ብዬ በራሴ ጣት ጽፌዋለሁ፣ ነጥቡ ሳይቀር። ማሽኑ ለአራት ወር በጥንቃቄ ያስቀመጠልኝ ይህን ነው፤ እውነቱ ሜሞሪ ላይ አንድ ሰዓት አልቆየም።

አባባን ትናንት ስለ ጋሽ ጌታነህ የነገርከኝ ትዝ ይልሃል ወይ አልኩት። ጌታነህ ደህና ነው ወይ አለኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሥራ ቦታ እንግዳ እያስተናገድኩ ሁለት ጊዜ ስም ተሳሳትኩ።

ከሰዓት በኋላ የማክሰኞውን ከጭንቅላቴ ጻፍኩት። አነበብኩት። ቃሉ ሁሉ ትክክል ነው፤ ግን የኔ ቃል ነው፣ የአባባ አይደለም። እሱ በማያስታውሰው ነገር እኔ ልፈርድበት ነው? አጠፋሁት። ደግሞ መልሼ ጻፍኩት። ደግሞ አጠፋሁት።

የድሮውን ጽሑፍ ቦሌ ሚካኤል ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ አሳተምኩ። አራት ገጽ። ሴትዮዋ ለነገ ክብረ በዓል ነው ወይ አለችኝ። አዎ አልኩ፤ እሱም ውሸት አይደለም። በፖስታ አሽጌዋለሁ። ልሰጣቸው ነው። እሳቸው እፎይ ይላሉ፣ አባባም በሰላም ይኖራል። ማንም አይጎዳም እያልኩ ነው ከሰዓት የዋልኩት። የምታዘበው ራሴን ነው።

አርብ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ሰፈሩ በቆሻሻ ጭስ ታፍኖ ነው ያረፈደው፤ ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ነው። ታቦቱ ወጥቶ መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር እትዬ አስካለ በእግራቸው ነው የደረሱት፣ ነጠላቸው ጭስ ጭስ እየሸተተ። አባባ አወቃቸው። ተሳሳሙ። ሽሮ በላን።

ፖስታውን ሰጠኋቸው። መነጽሬን ረስቻለሁ፣ አንብቢልኝ አሉኝ። አነበብኩ። ሰርዶ ላይ ስለነበረው ሻይ ቤት ስደርስ ሳቁ፤ ጋሽ ጌታነህ ስለዚያ ሻይ ቤት ነግረዋቸው ነበር። አባባም እየሰማ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ወደ ዶቢ የሚወርደው አንቀጽ መጣ። ፀሐይዋ ከፊት ለፊት ነበረች አልኩ። ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ዐይኔ ሥር ነው፣ ሦስት ቃል ነው፣ ከአፌ አልወጣ አለኝ።

ወረቀቱን አጠፍኩት። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እዚህ ጋ ገና አላለቀም» አልኩ።

ብዙ አዩኝ። ከዚያ አባባን አዩት፣ እሱ እጁን ነበር የሚያየው። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አርባ ዓመት ያልቸኮልኩ ዛሬ አልቸኩልም» አሉኝ። «ሲያልቅ ጥሪኝ።» የሚያውቁት ነገር ይኑር አይኑር ከፊታቸው ላነብ አልቻልኩም። እስከ አስፋልቱ ሸኘኋቸው። ወረቀቱን ሳይወስዱ ሄዱ።

ስመለስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። አባባ ወንበሩ ላይ ነው። ላፕቶፑን አስነሣሁ፣ የማስቀመጫ ፋይሉን አገኘ፣ ስልሳ አንዱ ገጽ ተከፈተ። ከዶቢ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ቆርጬ ሌላ ፋይል ውስጥ አስቀመጥኩት።

«የት ደረስን?» አለኝ።

ቡሬ ማለት ይቻል ነበር። «ሰርዶን አልፈናል፣ አባባ» አልኩት። «ዶቢ ቁልቁለት ላይ ነን። ከፊታችን መኪና ቆሟል።»

ውጭ የታቦቱ ዝማሬ ከሩቅ ይሰማ ነበር። አባባ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ፣ በመኪና መስታወት አሻግሮ እንደሚያይ ሰው።

«የማን ነው?»

«የጋሽ ጌታነህ።»

ቀኝ እግሩ ምንጣፉ ላይ ወደፊት ሄደ፣ ፍሬን ወዳለበት።

«እንግዲያው ቀስ በይ» አለኝ።

ከዚያ ወንበሩ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። ነገ ቆሞ ከመኪናው ይወርድለት ይሆን፣ ወይስ ነገ ሲነቃ ደግሞ ከአዲስ አበባ እንነሣ ይለኝ ይሆን፣ አላውቅም። ጽሑፉ ከቆመው መኪና ኋላ ቆሟል። ሴቭ አድርጌዋለሁ፣ ሁለት ቦታ።