የታርጋው መብራት

ይድረስ ለባለቤቴ ለትርንጎ፤

ከተለያየን ነገ ዓመት ይሞላናል። እንደምን ነሽ ብዬ እንዳልጀምር መልስ አላገኝም። አንቺ እንደምን ነህ ብትይኝ ግን መልስ አለኝ፤ ደህና አይደለሁም።

እህትሽ ከእንፍራንዝ መጥታ የነገውን ጠላ ጠምቃለች። ልጃችን የሺ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ልትጨርስ ነው። ያንቺን ነጠላ ለብሳ ከቤት ስትወጣ ከኋላዋ ማየት አልችልም፤ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። ገበያ ውስጥ ያንቺን መደብ ሌላ ሴት ይዛዋለች። የበሰበሰውን ሽንኩርት ከታች እየደበቀች ትሸጣለች አሉ፤ ብታይ ኖሮ በቁጣ ነበር የምትሞቺው። ይኸው፣ አሁንም እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ያመልጠኛል።

እኔ እዚያው ጋራዥ ነኝ። የሰው መኪና መብራት አበራለሁ፣ አልወርድ ያለ መስኮት አወርዳለሁ። የምጽፍልሽ ግን ስለ ራሳችን መኪና ነው። ሰው ለሞተች ሚስቱ ስለ መኪና በር ሲጽፍ ያሳፍራል፤ እኔን ግን ከዚህ የባሰ የሚያሳፍረኝ ስላለ ልጻፈው።

ያቺን አሮጌ መኪና ያመጣኋት ቀን ትዝ ይልሽ ይሆን? ከሾፌሩ ወንበር ቁልፉ ሲነካ የኋላ በሯ ብቻውን ቀስ እያለ ይነሳ ነበር። ጎረቤት ተሰብስቦ ሲያይ አንቺ ሦስት ጊዜ አስከፈትሽኝ። ከዚያ በኋላ ሥራችን ተከፋፈለ፤ እኔ ፊት ተቀምጬ ቁልፉን እነካለሁ፣ አንቺ ከኋላ ቆመሽ የሽንኩርቱን ጆንያ ታወርጃለሽ። በሩ ሲነሳ የምታይው አንቺ ነበርሽ። እኔ የምሰማው ድምፁን ብቻ ነው።

ካቻምና ማስቸገር ጀመረ። አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን እምቢ ይላል፣ አንድ ቀን ግማሽ ላይ ደርሶ ይቆማል። ከኤሌክትሪክ ብልሽት ሁሉ የሚከፋው እንዲህ ያለው ነው። ፊውዙን ቀየርሁ፣ ቁልፉን ቀየርሁ፣ በመጨረሻም ከተጣለ መኪና ላይ የበሩን ሞተር ፈትቼ ገጠምሁ። ሞተሩ በገባ ሰሞን ለሁለት ሳምንት ያህል ጥሩ ሠራ፤ አልሁሽ አይደል ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ሞተሩ ግን አልነበረም። ስፈታና ስገጥም ሽቦዎቹን ነካክቻቸው ለጊዜው ተገናኝተው ነው። ይህንን ሌላ ሰው ቢሠራው ኖሮ ስቄ አስተምረው ነበር። መልሶ እምቢ ሲል ግን የራሳችን ነውና ነገ እሠራዋለሁ አልሁ። ግማሽ ላይ ሲቆም የምትደግፊበት ዱላ ከኋላ አስቀመጥሁልሽና ወደ ሰው መኪና ሄድሁ።

አምና የካቲት ላይ ነው፣ አመሻሽ ላይ፣ የመኪናዋን መብራት አብርቼ ቤት ደጃፍ ቆመናል። አንቺና የሺ ከኋላ ሆናችሁ ጆንያ ታወርዳላችሁ። እንዲህ አልሽኝ፦ «ጌታሁን፣ በሩ ግማሽ ላይ ሲደርስ የታርጋው መብራት ድርግም ይላል።»

እኔም ከወንበሬ ሳልነሳ «አንቺ ሽንኩርትሽን አውርጂ» አልሁሽ።

አልተቀየምሽኝም። ሽንኩርትሽን አወረድሽ።

ግንቦት ላይ እንፍራንዝ እህትሽ ዘንድ እንዳደርሽ በጠዋት ተደወለልኝ። ሆድሽን ሌሊቱን ሙሉ ሲያምሽ አድሯል። የሺን ይዤ መጣሁ። መቀመጥ ስላልቻልሽ ወንበሮቹን አጥፈን ፍራሽ አነጠፍንልሽ። በሩ ያን ዕለት ጠዋት ተከፍቶ ነበር፤ ግማሽ ላይ ሲቆም በእጄ ገፋሁት፣ አስገባንሽ፣ ዘጋሁት። የሺ ራስሽን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እስከ ጎንደር ድረስ መንገዱ ባንገጫገጨሽ ቁጥር ጥርስሽን ስትነክሽ በመስታወት አይሽ ነበር።

ሆስፒታሉ በር ላይ ቃሬዛ ይዘው ከኋላ ቆሙ። ቁልፉን ነካሁ። ዝም አለ። ደግሜ ነካሁ። ወርጄ በሩን ደበደብሁ፣ ተመልሼ ነካሁ። ከውጭ የቁልፍ ቀዳዳ እንኳ የሌለው በር ነው። ጥበቃው ይጮህብኛል፣ ከኋላዬ የቆሙ መኪኖች ጡሩንባ ይነፋሉ፣ እኔ ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ የኖርሁት ሰው እንደ ሕፃን አንድ ቁልፍ ደጋግሜ እጫናለሁ። አንቺ በዚያ ሕመም ውስጥ ሆነሽ ቀና አልሽና ተናገርሽ፤ ስትቀልጂብኝ ብቻ ነበር «አያ» የምትይኝ።

«ምነው አያ ጌታሁን፣ የሰዉን ሁሉ ስትከፍት ኖረህ።»

በጎን በር አወጡሽ። በዚያ ጠባብ በር ለማውጣት ያንን የተነፋ ሆድሽን ማጠፍ ነበረባቸው። ያን ጊዜ የጮህሽው ጩኸት ከጆሮዬ አልወጣም። ከዚያ በኋላ ከአንቺ ቃል አልሰማሁም።

አንጀቷ ተጠምዝዟል አሉ፣ ቀዶ ሕክምና አደረጉልሽ፣ በሦስተኛው ቀን አረፍሽ። ሐኪሙን በሩ ላይ የባከነው ጊዜ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አይደለም፣ ሌሊቱን መቆየቷ ነው የጎዳት አለኝ። ሌላ ቀን ሄጄ ደግሜ ጠየቅሁት፤ ያንኑ መለሰልኝ። ደግ ሰው ነው። ደግ ስለሆነ ይሁን እውነት ስለሆነ አላወቅሁም፣ እስከ ዛሬም አላውቅም።

አርባሽ በወጣ ማግስት የሺ ፊቴ ቆመችና በሩ ለምን እንዳልተከፈተ ጠየቀችኝ። ሽቦ ይሆናል አልኋት። ትንሽ አየችኝና ሄደች። ከዚያ ወዲህ ምሳ ቀርቧል፣ ሰው ይፈልግሃል ከማለት በቀር አልተናገረችኝም። ምግቤን አቅርባልኝ እሷ ጓዳ ትበላለች። ሁለት ሰው ባለበት ቤት እንዲህ ዓመት ሊሞላን ነው።

መኪናዋን ሸራ አልብሼ ጓሮ ትቻት ነበር። ባለፈው ሳምንት እህትሽ የዓመትሽን ጠላና ዳቦ በምን ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደምናደርስ ስትጠይቅ ተነስቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ሸራውን ገፈፍሁት። ባትሪውን ቻርጅ አደረግሁና ለሰው መኪና እንደምሠራው ከመጀመሪያው ጀመርሁ። ፊውዙ ደህና ነው። ቁልፉ ሲነካ ኃይሉን ወደ በሩ የሚለቀው ሪሌ ቀጭ ይላል። ጣሪያው ጫፍ ላይ በቴስተር ለካሁ፤ ኃይል አለ። በሩ ውስጥ ለካሁ፤ የለም። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሽቦዎቹ የሚያልፉበት፣ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር የሚታጠፍና የሚዘረጋ የጎማ ቱቦ።

የታርጋው መብራት ሽቦም የሚያልፈው በዚያው ቱቦ ውስጥ ነው። ይህ ትዝ ሲለኝ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። በሩ ሲነሳ መብራቱ ድርግም ካለ የተጎዳው እዚያ ነው፤ ሌላ ቦታ ሊሆን አይችልም። እኔ ፊውዝና ሞተር ስቀያይር አንቺ ቦታውን በጣት የማሳየት ያህል ነግረሽኝ ነበር።

ቱቦውን ገለበጥሁት። ሦስት ሽቦዎች ተበጥሰዋል። አንደኛው ልባሱ ደህና መስሎ ውስጡ አንድ ክር ብቻ ቀርቶት ኖሮ፣ ያም ቢሆን ተቆርጧል። እንፍራንዝ ላይ የከፈተልን ያ ክር ነው። በናስትሮ ጠቅልዬ አልቀጠልሁትም፤ በሚታጠፍ ቦታ የተቀጠለ ሽቦ መልሶ ይበጠሳል። ከጣሪያው እስከ በሩ ውስጥ ድረስ አዲስ ሽቦ አስገባሁ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ግማሽ ቀን፣ ትርንጎ። ሰምቼሽ ቢሆን ኖሮ የሚፈጀው ይህ ብቻ ነበር።

ስጨርስ የሺን ጠራኋትና ከኋላ፣ አንቺ የምትቆሚበት ቦታ እንድትቆም ነገርኋት። ሌላ ምንም አላልኋትም። መብራት አበራሁ፣ ቁልፉን ነካሁ። በሩ ሲነሳ ሰማሁት።

«አልጠፋም» አለች።

ምኑ እንደሆነ ጠየቅኋት። «የታርጋው መብራት» አለችኝ።

ወርጄ ፊቷ ቆምሁ። ዓመት ሙሉ ያላወጣሁትን አወጣሁት። «እናትሽ ነግራኝ ነበር» አልኋት።

«አውቃለሁ፣ አባ። አጠገቧ ነበርሁ። እስክትናገረው ነው የጠበቅሁህ።»

አላቀፈችኝም፣ አላለቀሰችም። በሩን ወደ ታች ስባ ዘጋችውና ወደ ቤት ገባች። ራት ስታቀርብ ግን ጓዳ አልተመለሰችም፤ ቁጭ ብላ ከኔው ትሪ በላች። ይቅር ብላኛለች ብዬ አልጽፍልሽም፤ አላለችኝም።

ነገ የጠላውን ጋን በዚያ በር እናስገባለን። ይከፈታል፤ ሃምሳ ጊዜ ሞክሬዋለሁ፣ አንዴም አልሳተም። ለጋን የሚከፈተው በር ላንቺ እምቢ ማለቱ ያንገበግበኛል፤ ዕድሜ ልኬን ያንገብግበኝ።

ጋራዥ መኪና ሲመጣልኝ አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው ሾፌሩን አይደለም። ከኋላ ሆና የምትጭነውን፣ የምታወርደውን፣ ምን አየሽ እላታለሁ፤ እስክትጨርስም ካቻቢቴ አላነሳም። ይህ አንቺን አይመልስም። ነገ ለቀስተኛው ሁሉ ሲሰበሰብ ያ በር ያን ቀን ምን ሆኖ ነው ብሎ የሚጠይቀኝ አይጠፋም፤ እስከ ዛሬ ሽቦ ተበጥሶ ነው ስል ኖሬያለሁ። ከነገ ጀምሮ፣ የሺ እየሰማች፣ ነግራኝ ነበር እላለሁ። እስክሞት ድረስ የማስታውስሽ እንዲህ እያልሁ ነው።

ባለቤትሽ ጌታሁን