የአሰለች ብርቱ ደም

ኅዳር 7 ቀን 2000፣ ቅዳሜ

ገበያ ስለሆነ የላሊበላ ጤና ጣቢያችን ግቢ ጢም ብሎ ዋለ። ክትትል ያለው፣ ቁስል ያለው፣ እግረ መንገዱን ጥርሱን ሊያሳይ የመጣ... ሁሉም ቅዳሜን ይጠብቃል። ምሳ አልበላሁም።

አሰለችም ምስሯን ሸጣ ከብልባላ መጣች። የሲዲ ፎር ውጤቷ፣ የደሟ የመከላከያ ሴሎች ቁጥር፣ ደርሶላት ነበር። ከሰባት መቶ በላይ! ጤና መኮንናችን ምስጋኑ ወረቀቱን እያርገበገበ፣ «ከእኔ ደም ያንቺ ሳይሻል አይቀርም፤ መድኃኒት ምን ያደርግልሻል?» አላት። መድኃኒት የሚጀመረው ቁጥሩ ከሁለት መቶ ሲወርድ ነው። ኤችአይቪ ከተገኘባት ስንት ዘመኗ፣ ቁጥሯ ግን ንቅንቅ አላለም። እልል ልትል ምንም አልቀራት። «ጸበሉ ነው ሲስተር! ኸጸበሉ ሌላ ምን ይዤ?» ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች ማኅበር ምስክርነት ስጪ ብለዋታል አሉ።

ደስ አለኝ። ስትወጣ ግን ግድግዳ ይዛ ነው ደረጃውን የወረደችው። «ምነው?» ብላት «መንገዱ ነው፣ ድካም» አለች።

ኅዳር 16

ከአዲስ አበባ የጥናት ቡድን ገባ። መሪው ዶክተር አድማሴ የሚባል ወጣት ነው። ትሁት፣ ሲስተር ሲስተር የሚል። ለካ ኤችአይቪ ዘመድ አለው! በደም፣ በግንኙነት፣ በእናት ጡት የሚተላለፍ ሌላ ቫይረስ። ብዙው ሰው ሳያውቀው ተሸክሞት ይኖራል። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ምን ይሆናል? በክልሉስ የት የት በዝተዋል፣ ደጋው ላይ፣ ቆላው ላይ፣ አስፋልት ዳር? ይህን ነው የሚያጠኑት። ጥያቄው ጥሩ ነው፣ አልዋሽም።

ሰዉን አሳምኚ ተባልኩ። «ለእናንተው ነው፣ ውጤቱ ይመጣላችኋል» እያልኩ የደም መቅጃ ላስቲኩን በየክንዱ አሰርኩ። አሰለች ሳቀች፤ «ውሰዱ፣ የእኔ እንደሁ ብርቱ ነው!» ዶክተሩ ጉልበቷን በትንሿ መዶሻ መታ ሲያደርገው እግሯ ፈንጠር አለ። ደግሞ መታ። የሆነ ነገር ጻፈ። ምን እንደጻፈ አልጠየቅኩም።

አንድ ነገር አልገባኝም። መኪና የማይገባበት አገር ጥናቱ ውስጥ የለም። «ከብልባላ ወዲያ ያለውስ?» ብለው «የሚመጡትን እዚህ እናገኛቸዋለን» አለኝ። የማይመጣው ጤነኛ ነው ማለት ነው?

ታኅሣሥ 12

ዛሬ አሰለችን በአህያ አመጧት። ከስታለች። ምላሷ ነጭ ለብሷል፣ ምግብ ሲነካው ያቃጥላታል። እግሮቿ አልታዘዝ ብለዋታል። ሽንቷም እንደሚያመልጣት በጆሮዬ ነገረችኝ፣ ወንዶቹ እንዳይሰሙ።

ምስጋኑ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት ወረቀቷን አየ። «ሰባት መቶ እኮ ነው! የነርቭ ይሆናል። ቫይታሚን ስጫት።» ቫይታሚን! ሴትዮዋ ከወንበር ተደግፋ ነው የተነሳችው... እሱ ወረቀት ያነባል። ቫይታሚኑን ሰጠኋት። ምን ላድርግ? አመስግና ሄደች፣ ማመስገኗ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

ጥር 3

ውጤት የለም። ወደ ጥናት ቡድኑ ደወልኩ። ስብሰባ ላይ ናቸው። ባለፈውም ስብሰባ ላይ ነበሩ... የማያልቅ ስብሰባ!

ጥር 16

የአሰለች የንስሐ አባት፣ አባ ገብረ ዮሐንስ፣ እዚህ ድረስ መጡ። መስቀላቸውን ተሳለምኩ። ቁጭ በሉ ብላቸው እምቢ አሉ።

«ልጄ፣ ይችን ሴት ምን አደረጋችኋት?»

«ምነው አባቴ፣ ምን ሆነች?»

«ቆማ የምታስቀድስ ሴት ናት። አሁን ደጀ ሰላሙ ጋ ተቀምጣ ነው ቅዳሴ የምትሰማ። እናንተ ግን ጤነኛ ናት ትላላችሁ አሉ።»

ቁጥሩን ነገርኳቸው። «ቁጥሩን እኔ አላውቀውም። እሷን ነው የማውቅ» አሉ።

የባሰውን የነገሩኝ ከዚህ በኋላ ነው። የአሰለች ጎረቤት አረጋ ከገና ወዲህ መድኃኒቱን ትቷል። አረጋ! በቃሬዛ መጥቶ፣ መድኃኒት ጀምሮ፣ ተመልሶ እርፍ የጨበጠው አረጋ። አሰለች ማኅበሩ ውስጥ ስትመሰክር ሰምቶ «እሷ ያለ ኪኒን ደሟ ከጨመረ እኔ ለምን እውጣለሁ?» ብሎ። «ጸበል ኪኒን ጣል አይልም ብዬ ገዝቼዋለሁ። አልሰማኝም» አሉ አባ።

ጥር 20

ብልባላ ወረድኩ፣ አረጋ ቤት። አውድማው ላይ አገኘሁት። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት። ፈገግ አለና፣ «ደሟ ብርቱ ነው ያላችሁ እናንተው አይደላችሁም ሲስተር?» አለኝ።

እኛው ነን ያልነው!

የካቲት 12

ደሴ፣ ዓውደ ጥናት። አዳራሽ፣ የታሸገ ውሃ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል የስም ካርድ። ዶክተር አድማሴ የክልሉን ካርታ ግድግዳው ላይ አበራው። ነጠብጣቡ በሙሉ መንገዱን ተከትሎ ነው። ከመንገዱ የራቀው አገር ንጹሕ ነጭ። አንድ ባለሥልጣን «ደጋው ደህና ነው ማለት ነው» ሲል ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ደህና ነው?! ማን ሄዶ መረመረውና!

ከዚያ የሰማሁት ግን ከመቀመጫዬ አስነሳኝ። ሁለቱም ቫይረስ ያለባቸው ሰዎች ላይ ሁለተኛው ቫይረስ የሲዲ ፎር ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፤ ቁጥሩ ይጨምራል እንጂ ሰውነቱ አይጠነክርም። አንዳንዱን ደግሞ እግሩን ያሽመደምደዋል። ከላሊበላ ከተወሰደው ደም ውስጥም እንዲህ ያሉ ተገኝተዋል።

«የትኞቹ ናቸው?» አልኩ። «እኔ ጋ እግሯ የሚከዳት፣ ቁጥሯ ብርቱ ነው ተብላ መድኃኒት የተከለከለች ሴት አለች።»

«ሲስተር፣ ስም እኮ የለውም፣ መለያ ቁጥር ብቻ ነው። ወደ ኋላ ተመልሶ ማን እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። የጥናት ሥነ ምግባር ነው።»

አጨበጨቡለት። ወደ ምሳ ተባለ። ደሟን የሰጠችው ለማን ኖሯል?

የካቲት 17

ከምስጋኑ ጋር ተጣላን። ቃል በቃል ጮህኩ። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኩት። «መመሪያው ውስጥ አለ?» አለኝ። «የለም።» «እንግዲያው ሂጂና መመሪያውን አስቀይሪ። ተቆጣጣሪ መጥቶ ሰባት መቶ ላይ ለምን ጀመርክ ሲለኝ አንቺ ትመልሽልኛለሽ?»

ክፉ ሰው አይደለም። ፈሪ ነው። የፈሪ ጦስ ግን በሷ ወጣ!

«ወደ ሆስፒታል ላክልኝ በቃ» አልኩት። ይህን እንኳ ለመፈረም እስከ ማታ አንገላታኝ።

መጋቢት 4

ራሴ ወሰድኳት። አውቶቡስ ውስጥ ሁለት ወንበር ላይ አስተኝተናት። ሆስፒታሉ ውስጥ አንድ ሸበቶ ሐኪም መጀመሪያ አፏን አየ፣ ሚዛን ላይ በእኔ ድጋፍ አቆማት፣ እግሯን ዳሰሰ። ቁጥሩን የጠየቀኝ መጨረሻ ላይ ነው። ሲሰማ ጭንቅላቱን ነቀነቀና መድኃኒቱን አዘዘ። አለቀ! ይሄው ነው! ለዚህ ነው ከታኅሣሥ ጀምሮ የተንከራተተችው?

አሁን ደግሞ ሌላ ጭንቅ፣ ሁዳዴ ነው። ኪኒኑን ጠዋት በምግብ ውሰጂ ብትባል «ጾሜን አልሽርም» አለች። ስንመለስ አባን አስጠራሁ። መጡና «አንች ብይና ዋጪ። ያንችን ጾም እኔ ጨምሬ እጾማለሁ» አሏት። አለቀሰች። እኔም።

ሚያዝያ 23

አረጋ አረፈ። ፋሲካን አይቶ ነው የሄደው። እምቢ እንዳለ። አሰለች ምላሷ ድኗል፣ ኪሎ ጨምራለች፤ እግሯ ግን አልተመለሰም፣ አይመለስምም። በአህያ ሆና ቀብሩ ላይ ነበረች አሉ። ከማኅበሩ ሰዎች ፊት «የእኔን ወሬ ሰምታችሁ ኪኒን የተዋችሁ ካላችሁ፣ እኔ አልዳንኩም ነበር» ብላ ጮኸች።

ሰኔ 9

ቡድኑ ተመልሶ መጣ። ያው ዶክተር፣ ያው ትሕትና። ሁለተኛ ዙር ናሙና ነው። የክንድ ላስቲኩን ከመሳቢያዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ። እሱ ደብተሩን ገለጥ አድርጎ፣

«አንዲት ከብልባላ የምትመጣ ሴት ነበረች። እግሯን የሚያማት። ሁለቱም ያለባት። በተለይ እሷን ድጋሚ እንፈልጋታለን።»

«ማን እንደሆነ ማወቅ አይቻልም አላሉም ዶክተር?»

«እሱማ ለሕክምና ሲፈለግ ነው። ለጥናቱ ክትትል ሲሆን መለያው ይከፈታል፣ ፈቃድ አለን።»

«ለእናንተ ጥያቄ ሲሆን ይከፈታል፣ ለእሷ ነፍስ ሲሆን ይዘጋል!» አልኩት። አላሰብኩበትም፣ ወጣልኝ። ምስጋኑ በር ላይ ቆሞ ወለል ወለሉን ያያል።

አሰለች ውጭ አግዳሚው ላይ ነበረች፣ ለኪኒኗ መጥታ። ሰምታለች። «እኔን ነው ሲስተር?» ወደ ውስጥ ደግፌ አስገባኋት። ሁሉንም እሱ ፊት ነገርኳት። ከዚያ ወደ ዶክተሩ ዞረች።

«መቼ ነው ያወቃችሁ ጌታዬ?»

ደብተሩን አየ። ፊቱ ቀልቷል። «ውጤቱ የወጣው... ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ነው።»

ደም ልትሰጥ ሰብስባው የነበረውን እጅጌዋን ቀስ ብላ አወረደችው።

«ታኅሣሥ ላይ እኮ አረጋ ኪኒኑን ይውጥ ነበር» አለች።

ላስቲኩን አንስቼ መሳቢያው ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩት። «የፊተኛውን ውጤት በየሰዉ ስም ይዛችሁ ስትመጡ ይከፈታል» አልኩ። ምስጋኑ ይቆጣኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ወንበር ስቦ ለአሰለች አቀረበላት።