አራተኛውን ጥሪ ያላስቀሩት የጋሽ መጥሪያ የሕይወት ታሪክ

ባልደረቦቻቸው «ጋሽ መጥሪያ»፣ ልጆቻቸው «አባባ» የሚሏቸው፣ ዛሬ የምንሸኛቸው ሰው የተወለዱት በኅዳር ወር 1943 ዓ.ም. ነው። አባታቸው የወፍጮ ቤት ሠራተኛ፣ እናታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። የተወለዱባት ክፍል ከወፍጮው ጋር አንድ ግድግዳ ትጋራ ስለነበር፣ ሞተሩ ሲነሳ ሰው ከሰው አይደማመጥም። በዚህ የተነሳ ገና በሰባት ዓመታቸው በሩ ላይ ቆመው ተራው የደረሰውን ደንበኛ በስሙ የሚጠሩት እሳቸው ሆኑ። እናታቸው «ይሄ ልጅ እኮ ጉሮሮው ብረት ነው» ይሉ ነበር።

አንደኛ ደረጃን በቀን፣ ሁለተኛ ደረጃን በማታ ተምረዋል። ምንባብ እንዲያነቡ ሲታዘዙ የጎን ክፍሉ ተማሪዎችም አብረው ይማሩ እንደነበር የክፍል ጓደኞቻቸው እስከ ዛሬ እየሳቁ ያወራሉ። በ1963 ዓ.ም. በፍርድ ቤት መዝገብ አመላላሽ ሆነው ተቀጠሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ ስም ጠሪው ጡረታ ሲወጡ በቦታቸው ተተኩ።

ስም መጥራት ምን ሥራ ነው የሚል ይኖራል። ሥራ ነው እንጂ! ባለጉዳይ ስሙ ተጠርቶ ካልቀረበ መዝገቡ ይዘጋል፤ የአንዱ ቤት፣ የአንዷ ልጅ፣ የዓመታት ልፋት ደጅ ቀረ ማለት ነው። ደንቡ ሦስት ጊዜ ይጠራ ይላል። እሳቸው ግን ሦስቱን ከችሎቱ በር ላይ ከጠሩ በኋላ ደረጃውን ወርደው፣ በመጸዳጃ ቤቱ በኩል አልፈው፣ ከመንገዱ ማዶ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ፊት ቆመው አራተኛውን ይጠሩ ነበር። አንድ ዳኛ «ጋሽ መጥሪያ፣ ኧረ ይብቃዎት፤ የሌላ ችሎት ባለጉዳይ ሁሉ እየመጣብን ነው» ብለው ችሎቱን በሳቅ አውከውታል። ጠዋት ጠዋትም ዝርዝሩን ይዘው ወንበር ለወንበር እየዞሩ የያንዳንዱን ስም አነባበብ ከራሱ ከባለቤቱ አፍ ያጣሩ ነበር። ስሙ ሳይበላሽ ተጠርቶለት ቀና ብሎ የገባው ሰው ስንት ነው!

በ1970 ዓ.ም. የዚያው ፍርድ ቤት ታይፒስት ከነበሩት ከውድ ባለቤታቸው ጋር ጎጆ ወጡ። የጥሪ ዝርዝሩን የሚጽፉት ባለቤታቸው ነበሩና፣ ስም ለማሳረም ወደ ታይፕ ክፍል መመላለሱ የበዛው ለምን እንደሆነ መሥሪያ ቤቱ የገባው የሠርጉ ካርድ ሲደርሰው ነው። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወልደው፣ አስተምረው፣ ለወግ ለማዕረግ አበቁ።

በ1996 ዓ.ም. ድምፃቸው ማታ ማታ ይከዳቸው ጀመር። ጠዋት እንደ ወትሮው ናቸው፤ ወደ አመሻሹ ግን በአፍንጫቸው የሚናገሩ ይመስላሉ፣ ቀስ እያለም ድምፁ ወደ ሹክሹክታ ይወርዳል። ባለቤታቸው «ለመሥሪያ ቤት ድምፅ፣ ለእኔ ትራፊ!» ብለው አኮረፉ። ልጆቹም ወላጆቻቸው የተጣሉ መስሏቸው ሊያስታርቁ ተቀመጡ። ቤተሰቡ ይህን ባሰበ ቁጥር ይጸጸታል። ብዙም ሳይቆይ ትንፋሽ ሲስቡ ፉጨት የመሰለ ድምፅ ይሰማ ጀመር። አስም ነው ተባለ፤ የአስም መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ጠብ ያለ ነገር ግን የለም።

ሆስፒታል ወደ አንዲት የነርቭ ሐኪም ቢመላለሱም ምንም አልተገኘባቸውም። ለካስ ጥፋተኛው ራሳቸው አባባ ነበሩ! ከባድ ችሎት ሲኖር እንደሚያደርጉት፣ ለሐኪም ቀጠሮም ከዋዜማው ጀምረው አፋቸውን ዘግተው ድምፃቸውን ያሳርፋሉ፤ ሐኪሟ ፊት ሲቀርቡ ጥርት ባለ ድምፅ «ደህና አደሩ ዶክተር!» ይላሉ። አራት ጊዜ ደህና ነዎት ተብለው ተመለሱ። በአምስተኛው የባለቤታቸው ትዕግሥት አለቀ፤ «ዶክተር፣ ይሄ ሰውዬ እያታለለዎት ነው። እስኪደክመው ያስነብቡት» አሉ። ሐኪሟም የዕለቱን የታካሚዎች ዝርዝር ሰጧቸው። አባባ ደስ ብሏቸው እንደ ሥራቸው ጀመሩ። አሥረኛው ስም ላይ ድምፃቸው ቀጠነ፤ ሃያኛው ላይ የግራ ዓይናቸው ቆብ ወደቀ፤ ሠላሳኛው ላይ የሚንቀሳቀሰው ከንፈራቸው ብቻ ነበር። ሲመረመሩ ሁለቱም የድምፅ አውታሮቻቸው ሽባ ሆነው፣ ተጠጋግተው የአየሩን መንገድ እንዳጠበቡት ታየ። የደም ምርመራውም የገዛ ሰውነታቸው መከላከያ ነርቭ ለጡንቻ የሚልከውን ትእዛዝ የሚያቋርጥበት፣ ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባል ሕመም መሆኑን አረጋገጠ።

አንድ የጉሮሮ ሐኪም አንዱን አውታር ቆርጠው መተንፈሻውን ለማስፋት አሰቡ፤ ትንፋሹ ይሻላል፣ የቀድሞው ድምፅ ግን አይመለስም። የነርቭ ሐኪሟ በበኩላቸው የሕመሙ መድኃኒት አውታሮቹን ሊያነቃቸው ስለሚችል፣ አንገታቸው ላይ መተንፈሻ ቱቦ ገብቶ ይጠብቁ አሉ። ቃል ግን አልገቡም። አባባ ወረቀት ላይ «እጠብቃለሁ» ብለው ጻፉ። ስምንት ወር ጠበቁ። በዘጠነኛው ቱቦው ወጣ፤ ድምፃቸውም ጥቂት ሻከር ብሎ ተመለሰ። ሥራ የገቡ ቀን ጠበቆችና ጸሐፊዎች ኮሪደሩ ላይ ተሰልፈው አጨበጨቡላቸው፤ እሳቸው ግን «ችሎት አለ፣ ጸጥታ!» ብለው ገሥጸው ዝርዝራቸውን ከፈቱ። በ2003 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አራተኛው ጥሪ አንድም ቀን አልታጎለም። ልጆቻቸው ይህን የጻፉት ደረታቸውን ነፍተው ነው።

በ2012 ዓ.ም. የሳንባ ምች ሕመሙን ቀሰቀሰው። አውታሮቹ ዳግም ተያዙ፤ ቱቦውም ተመልሶ ገባ፤ በዚህኛው ጊዜ መድኃኒትም አልመለሳቸውም። ወይ ቱቦው ለዘለቄታው ይቀመጣል፣ ንግግርም ይቀራል፤ ወይ ይወጣና በየቀኑ ከመታፈን ጋር ግብግብ ይሆናል። ሁሉም ሰው ድምፃቸውን ይመርጣሉ ብሎ ሲፈራ፣ ወረቀት አስመጥተው «ስጠራ ኖርኩ፤ አሁን ደግሞ የእናንተን ወሬ ልስማ» ብለው ጻፉ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ። የልጅ ልጆቻቸው ጮክ ብለው ያነቡላቸዋል፤ ሲሳሳቱ ጠረጴዛውን ያንኳኩባቸዋል። ለጥያቄ ሁሉ መልሳቸው ያው ማንኳኳት ነበር።

አባባ ሐምሌ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። በዚያው ዕለት ጠዋት ባለቤታቸው ከማድ ቤት ሆነው በስማቸው ጠሯቸው። አባባ ጠረጴዛውን አላንኳኩም። ትንፋሹ ወደ ጉሮሯቸው እንዲያልፍ ቱቦውን በጣታቸው ደፍነው፣ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በሰማው ድምፅ «አቤት!» አሉ። በአርባ አራት ዓመት ትዳራቸው ለሚስታቸው እንዲህ ብለው ሲመልሱ የመጀመሪያቸው ነበር፤ የመጨረሻ ቃላቸውም ይኸው ሆነ።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ይቀበልልን፤ ለእናታችንም ብርታቱን ይስጥልን።